በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ መኪና ተከራይቶ መጓዝ፦ ስለ ዋጋው፣ ስለ መድኑና ስለ መንገዱ

ከሳን ሆሴ ተነስቶ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ እስከ መጨረሻዋ መንደር እስከ ማንሳኒዮ ለመጓዝ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚወስነው መኪና ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚለውን ነው። እኔ በአላሁዌላ ከተማ በሚገኘው የሁዋን ሳንታማሪያ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከተሰባሰቡት አከራዮች ከአንዱ መኪና ወስጄ ይህንኑ መንገድ ሄጄበታለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም የታዘብኩት ነገር በአንድ ድርጅት ላይ ብቻ የሚታይ ሳይሆን የአገሩ የኪራይ ገበያ የጋራ አሠራር ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ መኪናው ጥሩ ነበር፣ ሠራተኞቹ ጨዋዎች ነበሩ፣ መንገዱም ተጠንቅቆ ለሚያሽከረክር ሰው የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን በኢንተርኔት የሚታየው ዋጋ ተጓዡ በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ አይደለም፤ ከዚህም በላይ በዚህ ዳርቻ ላይ መኪናው በእርግጥ የሚያስፈልግባቸው ቀናት አብዛኛው ሰው ከሚገምተው ያነሱ ናቸው። የጉዞው ዕቅድ በእነዚህ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ቢመሠረት ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ይተርፋል።

ከዋጋው ልጀምር። በድረ ገጽ ላይ ሲታይ የቀኑ ኪራይ እጅግ ርካሽ ይመስላል፤ እኔም በመቀበያው ጠረጴዛ ፊት ስቀርብ ያ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር የጠበቀኝ። ጭማሪው የመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው 13 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን መድን ነው። በኮስታ ሪካ የተከራየ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሁሉ የሦስተኛ ወገን የኃላፊነት መድን ከአከራዩ መግዛት ይኖርበታል፤ ይህ መድን መኪናው በሌላ ሰው ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸፍን ሲሆን፣ ተጓዡ ከአገሩ ይዞት የመጣው መድንም ሆነ የክሬዲት ካርዱ ሽፋን ሊተካው አይችልም። የአገሪቱ የመድን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1924 በተቋቋመው የመንግሥት የመድን ተቋም እጅ ብቻ ቆይቶ ለሌሎች ኩባንያዎች የተከፈተው በ2008 ነው። በዚህ ታሪክ ምክንያት ከውጭ የመጣ ሰው የለመደው ዓይነት የመድን አማራጭ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ባይቀርብለት ሊገረም አይገባም።

ከዚህ ግዴታ በላይ የሚመጣው በራሱ በተከራየው መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ መድን ነው፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች ይህን ዓይነቱን ጉዳት ስለሚሸፍኑ ደንበኛቸው የአከራዩን መድን ላለመግዛት ሊወስን ይችላል፤ ይሁን እንጂ አከራዩ ሽፋኑ ኮስታ ሪካን በስም የሚጨምር መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ በካርዱም ላይ ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር የሚበልጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነ ገንዘብ በማስያዣነት ያግዳል። መድኑን የገዛ ሰው ደግሞ የሚታገድበት ማስያዣ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ጉዳት ቢደርስ ከኪሱ የሚሸፍነው የተወሰነ ድርሻ ይቀርበታል፣ ያንንም ድርሻ ለማስቀረት ሦስተኛ ዓይነት መድን ይቀርብለታል። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ሦስቱን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩልና ሳታስፈራራ አስረድታኛለች፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የዋጋ ማሳያው ነው፤ በሕግ ግዴታ የሆነ ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ መግባት ሲገባው በመጨረሻው ሰዓት፣ ደንበኛው ከረጅም በረራ በኋላ ሻንጣውን ይዞ በቆመበት ጊዜ ሊነገረው አይገባም ነበር። ስለዚህ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው የኪራዩን ቁጥር ሳይሆን ግዴታው መድንና ታክሱ የገቡበትን ጠቅላላ ድምር፣ ከማስያዣው መጠን ጋር፣ በጽሑፍ ጠይቆ ቢያወዳድር ይሻለዋል። እንዲህ ሲደረግ ርካሽ የመሰለው አከራይ ውድ፣ ውድ የመሰለው ደግሞ ተመጣጣኝ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

የመኪናውን ዓይነት በተመለከተ አከራዮች በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና እንዲወሰድ አጥብቀው ይመክራሉ። በሌሎቹ የአገሪቱ ክፍሎች፣ በተለይም ወንዝ መሻገር በሚያስፈልግባቸው መንገዶች፣ ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዳርቻ ግን አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም፤ ዋናው መንገድ እስከ ማንሳኒዮ ድረስ አስፋልት ነው፣ ኮረኮንች የሚሆነው በዳርቻው መንደሮች በካዊታና በፑዌርቶ ቪዬሆ ውስጥ ወደ ማረፊያዎቹ በሚገቡት አጫጭር መንገዶች ላይ ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መካከለኛ መኪና አስፋልቱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ለማለፍ ይበቃል። መኪናውን ስረከብ ከጭረቶቹ ይልቅ በጥንቃቄ የተመለከትኩት ጎማዎቹን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩንና የዝናብ መጥረጊያዎቹን ነበር፤ በዚህ አገር ዝናብ ውስጥ ያረጀ መጥረጊያ ከማንኛውም ጭረት የከፋ ችግር ነው። በሕግ እንዲያዙ የሚፈለጉት ባለ ሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የእሳት ማጥፊያም በቦታቸው ነበሩ። ሠራተኛው ራሱ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ እንድቀርጽ ሐሳብ አቀረበልኝ፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ ባይነገርም መደረግ ያለበት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከሳን ሆሴ እስከ ሊሞን ከተማ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው 32 ቁጥር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተ ሲሆን፣ ከዋና ከተማው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በብራውሊዮ ካሪዮ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ውስጥ ይገባል። ይህ ክፍል የጉዞው ሁሉ ውበትና የጉዞው ሁሉ ስጋት በአንድ ላይ የሚገኙበት ነው። በዓመት 4500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚዘንብበት ደን መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል፤ ከሱርኪ ዋሻ ሲወጣ ጭጋጉ በድንገት ስለሚወርድ ከፊት ያለውን መኪና ማየት እስከሚያስቸግር ድረስ ይደርሳል፤ ከኢራሱ እሳተ ገሞራ ማዕድን ተሸክሞ የሚወርደው ቢጫማ ወንዝ ከጠራው ወንዝ ጋር ሲቀላቀልም ከድልድዩ ላይ ይታያል። ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ ናዳ መንገዱን ይዘጋል፤ ባለሥልጣናቱም አደጋ ሳይደርስ አስቀድመው የሚዘጉበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ያለው አማራጭ በካርታጎና በቱሪያልባ በኩል ዞሮ ወደ ሲኪሬስ የሚወርደው 10 ቁጥር መንገድ ነው፤ ጠመዝማዛና ረዘም ያለ ቢሆንም ይደርሳል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፣ ለመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከመንዳት ሌላ ምንም ዕቅድ አለመያዝ ተገቢ ነው። በተለይ የመልሱን በረራ ከዳርቻው በተነሱበት ዕለት ማድረግ አልመክርም፤ ናዳ በወረደበት ቀን አውሮፕላኑ ተጓዡን አይጠብቅም።

ከተራራው ከተወረደ በኋላ ሁኔታው ፈጽሞ ይለወጣል። መሬቱ ሜዳ ይሆናል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የሙዝና የአናናስ እርሻዎች ከመንገዱ ዳርና ዳር ይዘረጋሉ፣ ወደ ሞይን ወደብ የሚሄዱና ከወደቡ የሚመለሱ ባለ ኮንቴይነር ተሳቢዎችም መንገዱን ይሞሉታል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው ትልቅ የኮንቴይነር ወደብ የአገሪቱን የወጪና የገቢ ንግድ ትልቅ ድርሻ ያስተናግዳል። ከሪዮ ፍሪዮ መገንጠያ እስከ ሊሞን ያለውን 107 ኪሎ ሜትር ወደ አራት መስመር ለማስፋት በቻይና ብድር የተጀመረው ሥራ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል፤ በሠፊውና በጠባቡ ክፍል መካከል ያሉት ድንገተኛ ለውጦች ለእንግዳ አሽከርካሪ አደገኞች ናቸው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ናዳውም ጭጋጉም ሳይሆን ተሳቢዎቹን በጠባቡ ክፍል ላይ ለመቅደም የሚጣደፉት ትናንሽ መኪኖች ነበሩ። በዚህ መንገድ ላይ የሚሻለው ከተሳቢው ኋላ ርቀት ጠብቆ በትዕግሥት መከተል ነው፤ በመቅደም የሚገኘው የደቂቃዎች ትርፍ ከአደጋው ጋር አይመዛዘንም።

ጨለማን በተመለከተ አንድ ነገር አበክሬ ልናገር። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ቀደም ብላ ትጠልቃለች፤ ከሊሞን በስተ ደቡብ ያለው መንገድ በአብዛኛው መብራት የለውም፣ እግረኞችና መብራት የሌላቸው ብስክሌቶችም ከዳሩ ላይ ይጓዛሉ። ስለዚህ ከሳን ሆሴ በጠዋት መነሳት ግድ ነው። ነዳጅ ግን የሚያሳስብ አይደለም፤ ዋጋውን በመላ አገሪቱ የሚወስነው አንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከማደያ ማደያ ዋጋ ማወዳደር አያስፈልግም፣ የሚቀዳውም ሠራተኛው ነው። ሊሞን ላይ ሞልቶ መውረድ ይበቃል።

ሊሞን ከተማን ብዙ ተጓዦች ሳያዩ ያልፉታል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከሳን ሆሴ እስከ ሊሞን የተዘረጋውን፣ እ.ኤ.አ. በ1890 የተጠናቀቀውን የባቡር ሐዲድ ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከጃማይካ የመጡ ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ በዚሁ ዳርቻ ይኖራሉ፣ ከስፓኒሽ ጎን ለጎን የራሳቸውን እንግሊዝኛ ቀመስ ቋንቋ ይናገራሉ። ጃማይካዊው የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ማርከስ ጋርቬይ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ፣ በዚህ ግዛት የሙዝ ንግድ ለሚያካሂደው ለዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሠራተኞችን ሰዓት ይቆጣጠር ነበር፤ ኋላም የእሱ ንቅናቄ ተከታዮች በ1922 በከተማው የሠሩት ብላክ ስታር ላይን የተባለው የእንጨት አዳራሽ ለዘመናት የማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 በእሳት ወድሟል። እንደ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ በፑዌርቶ ቪዬሆ ግድግዳዎችና ሱቆች ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማችንን ሳይ የተሰማኝን ክብር መደበቅ አልችልም፤ ያ ቀለም እዚያ የደረሰው በእነዚሁ ሰዎች ታሪክ በኩል ነውና።

ከሊሞን ወደ ደቡብ የሚወርደው 36 ቁጥር መንገድ ባሕሩን እየተጠጋና እየራቀ፣ በኮኮናት ዛፎች ሥር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካዊታ ይደርሳል። ጥቂት ወረድ ብሎ ሆን ክሪክ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በብሪብሪ በኩል ወደ ሲክሳኦላና ወደ ፓናማ ድንበር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ፑዌርቶ ቪዬሆ ከዚያም 13 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ ማንሳኒዮ ላይ ያበቃል። ከማንሳኒዮ በኋላ መንገድ የለም፣ የጋንዶካ ማንሳኒዮ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች ሲያጋጥሙ ቅድሚያ ስጥ የሚለው ምልክት በየትኛው አቅጣጫ እንደተተከለ ማየት ያስፈልጋል። ፓናማ ለመሻገር ያሰበ ሰው ደግሞ አከራዮች በአጠቃላይ መኪናቸው ድንበር እንዲያልፍ እንደማይፈቅዱ ይወቅ።

መኪናው ጥቅም መስጠቱን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። የካዊታ ብሔራዊ ፓርክ የእግር መንገድ ከመንደሩ ተነስቶ በባሕሩና በደኑ መካከል ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ፑዌርቶ ቫርጋስ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛው ሰው እስከ መጨረሻው ተጉዞ ከዋናው መንገድ ላይ በአውቶቡስ ወደ መንደሩ ይመለሳል። መኪና ያለው ሰው መኪናውን አንዱ ጫፍ ላይ ትቶ ሊመለስበት ስለሚገደድ ወይ መንገዱን ከመሃል ያቋርጣል ወይ ሁለት ጊዜ ይሄደዋል። በመንደሩ በኩል ያለው መግቢያ ማኅበረሰቡ የሚሳተፍበት ሆኖ ተጓዡ የፈቀደውን የሚሰጥበት ሲሆን፣ በፑዌርቶ ቫርጋስ በኩል ግን የተወሰነ ክፍያ አለ። ከፑዌርቶ ቪዬሆ እስከ ማንሳኒዮ ያለው ሜዳማ መንገድም ከሁሉ የተሻለ የሚታየው በብስክሌት ነው፤ ብስክሌት የሚያከራዩ በየመንገዱ አሉ። በኮክሌስ፣ በፑንታ ኡቫና በማንሳኒዮ ባሕር ዳር ማቆም፣ ሰነፍ ዝንጀሮ የሚመስለውን፣ ስሎዝ የተባለውን እንስሳ በዛፍ ላይ መፈለግ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ባቄላ ወይም ሮንዶን የተባለውን የዓሣ ወጥ ከሚያቀርቡ ቤቶች መቀመጥ በብስክሌት ቀላል ነው። መኪናው ግን ቀኑን ሙሉ በማረፊያው ግቢ ይቆማል፣ ኪራዩና መድኑ ግን ይቆጠራል። በኮክሌስ ለመዋኘት የሚገባ ሰው ወደ ጥልቁ የሚስበውን የባሕር ጅረት ይጠንቀቅ፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ፑንታ ኡቫን ቢመርጥ ይሻላል።

በሰሜኑ ዳርቻ የሚገኘው ቶርቱጌሮ ደግሞ ይህንኑ ነገር በግልጽ ያሳያል። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የፈረንጆች ወቅት እንቁላል የሚጥሉበትን ያንን ዳርቻ ለማየት የፈለገ ሰው የሚደርሰው በጀልባ ወይም በአነስተኛ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ በመኪና የመጣ ተጓዥ መኪናውን ላ ፓቮና ላይ በክፍያ አቁሞ በጀልባ ይገባል። በዚያ የሚያድርባቸው ቀናት ሁሉ የቆመ መኪና ኪራይ የሚከፈልባቸው ናቸው። ቶርቱጌሮን ከደቡቡ ዳርቻ ጋር በአንድ ጉዞ ለማጣመር ያሰበ ሰው የመኪናውን ኪራይ ከቶርቱጌሮ በኋላ ቢጀምር፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን ጉዞ ደግሞ ጀልባውን ባካተተ የጋራ ተሽከርካሪ ቢያደርግ ሒሳቡ ይቀልለታል።

ሌላው አማራጭ አውቶቡስ ነው። ሜፔ የተባለው ድርጅት ከሳን ሆሴ ወደ ካዊታ፣ ወደ ፑዌርቶ ቪዬሆና ወደ ሲክሳኦላ በየቀኑ መስመር አለው፤ ጉዞው አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋውም ከመኪና ኪራይ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለብቻው ወይም ለሁለት ሆኖ ለሚጓዝ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰንበት ብሎ ማረፍ ለሚፈልግ ሰው አውቶቡስና ብስክሌት ከመኪና ይበልጣሉ ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። መኪናው ዋጋውን የሚያወጣው ሦስትና አራት ሆነው ለሚካፈሉት፣ ሕፃናት ወይም አረጋውያን ይዘው ለሚጓዙ፣ ወይም በቱሪያልባ በኩል እየቆሙ ለመውረድና ለመመለስ ለሚፈልጉ ነው።

ወቅቱንም ሳይጠቅሱ ማለፍ ዕቅድን ያበላሻል። በፓሲፊክ በኩል ዝናቡ የሚበረታባቸው የፈረንጆቹ መስከረምና ጥቅምት በካሪቢያን በኩል ከዓመቱ ደረቅ ከሚባሉት ወራት ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ስለ አገሪቱ በአጠቃላይ የሚነገረውን የአየር ሁኔታ ተከትሎ በታኅሣሥ የሚመጣ ሰው ከፍተኛ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ብዙ ጊዜ የኪራይ ዋጋ ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም የቀረው አገር በዝናብ ላይ ነው። ለዚህ ዳርቻ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ከቆመ መኪና ላይ መስረቅ በባሕር ዳርቻው የተለመደ ችግር ነው። በመኪናው ውስጥ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ጨምሮ፣ ምንም ነገር አለመተው፣ በማረፊያ ምርጫ ጊዜም የታጠረ ማቆሚያ ያለውን መፈለግ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው መድን በመኪናው ውስጥ ያለውን የተጓዡን ዕቃ አይሸፍንም። የትራፊክ ቅጣት ቢመጣ ደግሞ ለፖሊሱ በእጅ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ለአከራዩ ማሳወቅ ነው። በብዙ ቦታ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ስለሌለ አድራሻ የሚነገረው ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከትምህርት ቤቱ ይህን ያህል ሜትር እየተባለ ነው፤ ዌዝ የተባለው የመንገድ መሪ መተግበሪያ በአገሬው ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ስለሆነና የመንገድ መዘጋትንም ስለሚያሳውቅ ስልክ ላይ መያዙ ይጠቅማል፤ በተራራው ክፍል ግን ኔትወርክ ስለሚጠፋ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የሌላ መተግበሪያ ካርታ አስቀድሞ ማውረድ ጥሩ ነው።

መኪናውን ስመልስ የተረከበኝ ሠራተኛ በጎማው ሽፋን ላይ ያለ ጭረት አሳየኝ፤ ቪዲዮው ስለነበረኝ ጭረቱ ከመነሻው የነበረ መሆኑን አይቶ ወዲያው ተወው። የማስያዣው ገንዘብ ከካርዴ ላይ የተለቀቀው ግን ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነው፤ ይህ በባንኩ አሠራር የሚወሰን ስለሆነ ከጉዞው በኋላ ወዲያው ያንኑ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ሌላ ካርድ ቢይዝ ጥሩ ነው። ለአገልግሎቱ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፦ ለመኪናው ይዞታና ለሠራተኞቹ ሙሉ ነጥብ፣ ለዋጋ አገላለጹ ግን ከግማሽ በታች። እኔም እንደገና ብሄድ ከዚያው ድርጅት እከራያለሁ፤ የምከራየው ግን ከሳን ሆሴ በቱሪያልባ በኩል እስከ ካዊታ ለመውረድና ለመመለስ የሚበቃውን ቀን ብቻ ሲሆን፣ ጠቅላላ ድምሩንም ከመነሳቴ በፊት በጽሑፍ እጠይቃለሁ።